ከምግብ ጋር የሚመጣ እብጠት፦ የምራቅ ዕጢ ጠጠርን በሐዋሳ ከተማ የሕክምና ሁኔታ ውስጥ ስለ መለየትና ስለ ማከም

በታችኛው መንጋጋ ሥር የሚታይ እብጠት በሐዋሳና በአካባቢዋ ለሚሠራ ሐኪም እንግዳ ነገር አይደለም። ከሲዳማ ወረዳዎች፣ ከጌዴኦ፣ ከጉጂና ከምዕራብ አርሲ ወደ ከተማዋ ሆስፒታሎች የሚመጡ ታማሚዎች ከሚያቀርቧቸው አቤቱታዎች አንዱ «አንገቴ ላይ ዕጢ ወጣብኝ» የሚለው ነው። ሐኪሙ በዚህ ጊዜ አስቀድሞ የሚያስበው የሊምፍ ኖድ ቲቢን ነው፤ አላግባብም አይደለም። ኢትዮጵያ ከሳንባ ውጭ የሚከሰተው ቲቢ በብዛት ከሚታይባቸው አገሮች አንዷ ስትሆን፣ ከዚሁ መካከል የአንገት ሊምፍ ኖዶች ሕመም ቀዳሚውን ስፍራ ይይዛል። ሆኖም ከዚያው ቦታ የሚነሣ፣ በመልኩም የሚመስለው ሌላ እብጠት አለ፤ መነሻው በምራቅ መውረጃ ቱቦ ውስጥ የተቀረቀረ ጥቂት ሚሊሜትር የሚያህል ጠጠር ነው።

የቋንቋው ነገር ራሱ ጉዳዩን ያወሳስበዋል። በአማርኛ «ዕጢ» የሚለው ቃል ምራቅ አመንጪውን አካል፣ ሊምፍ ኖዱን፣ አልፎ ተርፎም ማንኛውንም ትርፍ የሥጋ ዕድገት በአንድነት ይጠራል። ታማሚው «ዕጢ አለብኝ» ሲል፣ የጤና ጣቢያው ባለሙያም በሪፈር ወረቀት ላይ «የአንገት ዕጢ» ብሎ ሲጽፍ፣ ከሦስቱ የትኛው እንደ ሆነ የሚያስታውቅ ነገር የለም። የሕዝቡ አነጋገር በዚህ ረገድ ይሻላል፤ ከጆሮ ሥር የሚያብጠውን «ጆሮ ደግፍ»፣ የሊምፍ ኖዱን እብጠት ደግሞ «ንፍፊት» ብሎ ይለያል። በዚህ ጽሑፍ «ዕጢ» ሲባል ምራቅ አመንጪውን አካል ብቻ ያመለክታል።

ሕመሙ ምን ያህል ይገኛል ለሚለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው መረጃ ከእንግሊዝ አገር የሆስፒታል መዛግብት የተገኘው ነው፤ በዚያ በየዓመቱ ከአንድ ሚሊዮን ሕዝብ ከ27 እስከ 59 የሚደርሱ ሰዎች በምራቅ ዕጢ ጠጠር ምክንያት ሆስፒታል እንደሚገቡ ተመዝግቧል። ይህ ልክ እንዳለ ወደ ኢትዮጵያ ሊተላለፍ የሚችል አይደለም። ሆኖም ለግምት ያህል ብቻ ቢወሰድ፣ በሰኔ 2012 ዓ.ም. ክልል በሆነውና ከአራት ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ባለው በሲዳማ ብቻ በየዓመቱ ከአንድ መቶ ያላነሱ ታማሚዎች ሊኖሩ ይገባል ማለት ነው። እነዚህ ሰዎች «የምራቅ ዕጢ ጠጠር» በሚል ስም ካልተመዘገቡ በሌላ ስም ተመዝግበዋል፤ በጥርስ ሕመም፣ በቶንሲል፣ በጆሮ ደግፍ ወይም በቲቢ።

ጠጠሩ የሚፈጠርበት ስፍራና ምክንያት

ከምራቅ ዕጢ ጠጠሮች ከ80 እስከ 90 በመቶ የሚሆኑት የሚገኙት ከታችኛው መንጋጋ ሥር ባለው ዕጢና በቱቦው ውስጥ ነው። ከጆሮ ፊት ያለው ትልቁ ዕጢ ከቀረው አብዛኛውን ድርሻ ሲይዝ፣ ከምላስ ሥር ባለው ዕጢና በጥቃቅኖቹ ዕጢዎች ላይ ጠጠር የሚገኘው በጥቂቱ ነው። ምክንያቱ ከአካሉ አሠራር ይመነጫል። እንግሊዛዊው ሐኪም ቶማስ ዋርተን በ1656 እ.ኤ.አ. የገለጸውና በስሙ የሚጠራው የመንጋጋ ሥር ዕጢ ቱቦ 5 ሴንቲሜትር ያህል ርዝመት አለው፤ በምላስ ሥር ጡንቻ ጀርባ ተጠምዝዞ ወደ ላይና ወደ ፊት ይሄዳል፤ ምራቁ ሽቅብ ይፈስሳል ማለት ነው። የመውጫው ቀዳዳ ደግሞ ከቱቦው ይልቅ ጠባብ ሲሆን ስፋቱ ግማሽ ሚሊሜትር ገደማ ነው። በዚህ ላይ ከዚህ ዕጢ የሚወጣው ምራቅ ከጆሮ ሥሩ ዕጢ ምራቅ ይልቅ የተለጎመ፣ አልካላይነቱ ከፍ ያለና ካልሲየም የበዛበት ነው። ዝግ ብሎ የሚፈስስ፣ ወፍራም፣ ማዕድን የበዛበት ፈሳሽ በረጅምና በጠባብ ቱቦ ውስጥ ሲቆይ በጥቃቅን የንፍጥና የሕዋስ ስብርባሪ ዙሪያ ካልሲየም ፎስፌት ይደረደራል። ጠጠሩ በዓመት በአማካይ አንድ ሚሊሜትር ገደማ እንደሚያድግ ይገመታል። ስለዚህ 8 ሚሊሜትር የሆነ ጠጠር ይዞ የመጣ ሰው ሕመሙ የተሰማው ባለፈው ወር ቢሆንም ጠጠሩ ለዓመታት አብሮት ኖሯል።

እዚህ ላይ የኩላሊት ጠጠርን ምሳሌ ያለ ጥንቃቄ መውሰድ ያሳስታል። የምራቅ ዕጢ ጠጠር ባለበት ሰው ላይ የደም ካልሲየም መጠን አብዛኛውን ጊዜ ጤናማ ነው፤ «ወተትና ጎመን ይቅርብዎ» የሚል ምክርም መሠረት የለውም። ስለ ውኃም እንዲሁ ነው። የስምጥ ሸለቆ ውኃ የዓለም ጤና ድርጅት ከወሰነው በሊትር 1.5 ሚሊግራም ፍሎራይድ በብዙ ቦታ እንደሚያልፍና ጥርስን እንደሚያበልዝ በሚገባ የታወቀ ስለ ሆነ፣ በሐዋሳ ያለ ተመራማሪ ጠጠሩንም ከውኃው ጋር ለማያያዝ ይፈተናል። በእንግሊዝ አገር የውኃ ጠንካራነትንና የምራቅ ጠጠርን ስርጭት ያነጻጸረ ጥናት በሁለቱ መካከል ግንኙነት አላገኘም። የፍሎራይዱ ጉዳይ ግን ከውኃ ጠንካራነት የተለየ ጥያቄ ነው፤ ራሱን ችሎ ሳይጠና ከወዲህም ከወዲያም መፍረድ አይቻልም።

ለጠጠር መፈጠር ይበልጥ አሳማኝ የሆነው ምክንያት የምራቅ ማነስ ነው። በቂ ውኃ አለመጠጣት፣ የሽንት ማብዣ መድኃኒቶች፣ የአለርጂ መድኃኒቶች፣ እንደ አሚትሪፕቲሊን ያሉ መድኃኒቶች የምራቅን ፍሰት ይቀንሳሉ። በሲዳማ በብዛት የሚመረተው ጫትም አፍን ያደርቃል። ስለዚህ ስለ መድኃኒት በሚጠየቅበት ጊዜ ስለ ጫትም ያለ ተግሣጽ መጠየቅ ይገባል፤ ተግሣጽ የቀደመው ጥያቄ እውነተኛ መልስ አያገኝም።

አንድ ጥያቄና ሁለት እጆች

ሕመሙን ለመለየት ከሁሉ የሚበልጠው መሣሪያ ገንዘብ የማያስወጣ ነው። ሰው ምግብ ሲያይ፣ ሲያሸትና ሲያኝክ ምራቅ በብዛት ይመነጫል፤ ቱቦው በተዘጋ ጊዜ የመነጨው ምራቅ መውጫ አጥቶ ዕጢውን ይወጥረዋል። እብጠቱና ሕመሙ ምግብ ሲጀመር ወይም ገና ሲታሰብ ይመጣል፤ ከአንድ ወይም ከሁለት ሰዓት በኋላ ቀስ እያለ ይጎድላል። ስለዚህ «ምግብ ሲቀርብልዎ ያብጥብዎታል ወይ? በኋላስ ይቀንሳል ወይ?» የሚለው ጥያቄ ለማንኛውም የመንጋጋ ሥር እብጠት ላለበት ሰው መቅረብ አለበት። በጾም ወቅት ይህ ታሪክ ይበልጥ ጎልቶ ሊወጣ ይችላል፤ ቀኑን ሙሉ ውኃና እህል ያልቀመሰ ሰው የመጀመሪያውን ጉርሻ ሲያነሣ ምራቁ በአንድ ጊዜ ይለቀቃልና። ታማሚው ሲዳምኛ ወይም ኦሮምኛ ተናጋሪ ከሆነ ጥያቄው በአስተርጓሚ በኩል ተጠቃልሎ «ያምማል ወይ?» ወደሚል እንዳይለወጥ መጠንቀቅ ያሻል፤ የሚፈለገው የሕመሙ መኖር ሳይሆን ሰዓቱ ነውና።

ምርመራው በሁለት እጅ ይካሄዳል። ጓንት ያጠለቀ አንድ ጣት በአፍ ወለል ላይ፣ የሌላው እጅ ጣቶች ደግሞ ከውጭ ከመንጋጋ ሥር ሆነው በመካከላቸው ያለውን ሥጋ ይዳስሳሉ። አቅጣጫው ከኋላ ወደ ፊት መሆን አለበት፤ ከፊት ወደ ኋላ የሚሄድ ጣት በቱቦው አፍ አጠገብ የነበረውን ጠጠር ወደ ዕጢው ገፍቶ ቀላሉን ሥራ ከባድ ሊያደርገው ይችላል። ቀጥሎ ከምላስ ሥር ያለው የቱቦው መውጫ በፋሻ ይደርቅና ዕጢው ከውጭ ቀስ ተብሎ ይታሻል። ጥርት ያለ ምራቅ ከወጣ ቱቦው ክፍት ነው፤ ምንም ካልወጣ መዘጋቱ ይጠረጠራል፤ መግል ከወጣ ኢንፌክሽን አለ። አንዳንድ ጊዜ ቢጫማው ጠጠር በመውጫው ላይ ራሱ ይታያል። ይህ ሁሉ ከአምስት ደቂቃ አይበልጥም፤ ሆኖም አንገትን ከውጭ ብቻ ዳስሶ፣ አፍ ሳያስከፍት ወደ መርፌ ናሙና የሚያልፍ ሐኪም ይህን ሁሉ ያጣዋል።

የምስል ምርመራ

ከመንጋጋ ሥር ዕጢ ጠጠሮች ከአምስቱ አራቱ ያህል በራጅ ይታያሉ። ተራው የአንገት ወይም ሙሉ መንጋጋውን የሚያሳየው ራጅ ግን ጠጠሩን ከአጥንቱ ጥላ ጋር ያደባልቀዋል፤ የሚሻለው ፊልሙ በላይኛውና በታችኛው ጥርስ መካከል ተነክሶ ጨረሩ ከአገጭ ሥር ወደ ላይ የሚላክበት የጥርስ ሕክምና ራጅ ነው። ከጆሮ ሥር ባለው ዕጢ ግን ከጠጠሮቹ ብዙዎቹ በራጅ ስለማይታዩ የራጁ ንጹሕ መሆን ብቻውን ማስረጃ አይሆንም።

አልትራሳውንድ ጨረር የሌለበት፣ በዋጋውም የቀለለ ስለ ሆነ ለሐዋሳ ዐይነት ከተማ ተመራጭ ነው። ከ2 ሚሊሜትር የሚበልጡ ጠጠሮችን ከአሥሩ ዘጠኙን ያህል ያሳያል፤ ጠጠሩ ብሩህ ነጥብ ሆኖ ከኋላው ጥላ ይጥላል፣ ከበስተኋላው ያለው ቱቦም ተለጥጦ ይታያል። ድክመቱ በአፍ ወለል ፊት ለፊት ባለው የቱቦ ክፍል ላይ ነው። ሐኪሙ በምርመራው ጊዜ ጣቱን ወደ አፍ አስገብቶ ሥጋውን ወደ መሣሪያው ቢገፋው፣ ወይም ታማሚው ጥቂት ሎሚ እንዲቀምስ ተደርጎ ቱቦው በምራቅ ቢሞላ ምስሉ ይሻላል። የማዘዣ ወረቀቱ «የአንገት አልትራሳውንድ» ብቻ ካለ ግን የራዲዮሎጂ ባለሙያው ታይሮይድንና ሊምፍ ኖዶችን አይቶ ሊመለስ ይችላል፤ «የመንጋጋ ሥር ዕጢ ቱቦ መዘጋት ተጠርጥሯል» ብሎ መጻፍ ውጤቱን ይለውጠዋል። ሲቲ ስካን፣ በተለይ ያለ ማቅለሚያ በሣሣ ቁርጥ የተነሣው፣ ጥቃቅን ጠጠሮችን ሳይቀር ያሳያል፤ ተገቢው ቦታው ግን ታሪኩ እያለ ራጅና አልትራሳውንድ ሳያሳዩ የቀሩበት ወይም ቀዶ ሕክምና የሚታቀድበት ታማሚ ነው።

በራጅ ነጭ ሆኖ የታየ ሁሉ ጠጠር እንዳልሆነ መታወስ አለበት። የዳነ የሊምፍ ኖድ ቲቢ ካልሲየም ይቋጥርና የአበባ ጎመን የሚመስል ያልተስተካከለ ጥላ ይጥላል፤ የምራቅ ጠጠር ግን ብዙውን ጊዜ ለስላሳ ዳር ያለውና የቱቦውን መስመር ተከትሎ የሞላለ ነው።

ከቲቢ የመለየቱ ነገር

የጽሑፉ ዋና ሐሳብ ያለው እዚህ ላይ ነው። የሊምፍ ኖድ ቲቢ ከምግብ ሰዓት ጋር አይነሣም፣ አይወድቅም፤ ኖዶቹ ብዙ ጊዜ ከአንድ በላይ ሆነው ይያያዛሉ፣ ሲቆዩ ይለሰልሳሉ፣ ቆዳውንም ቀድደው ሊወጡ ይችላሉ። ጠጠር የዘጋው ዕጢ ግን አንድ ነው፤ ለረጅም ጊዜ ከቆየ ጠንክሮ የማይጎድል እብጠት ይሆናል፤ ያን ጊዜ ከሊምፍ ኖድም ከካንሰርም ይመሳሰላል። ከዚህ ላይ በስስ መርፌ ናሙና ቢወሰድ የሥር ሰደድ ብግነት ሕዋሳት መገኘታቸው የሚጠበቅ ነው። «ሥር የሰደደ ብግነት» የሚለው ውጤት በአንገት እብጠት ላይ ሲነበብ ደግሞ ሐሳቡ ወደ ቲቢ ያዘነብላል።

የሊምፍ ኖድ ቲቢ ሕክምና ስድስት ወር ይወስዳል፤ ሁለት ወር በአራት መድኃኒት፣ አራት ወር በሁለት። ጠጠር ያለበት ሰው በስሕተት ይህን ሕክምና ቢጀምር ምን ይሆናል? ብዙ ጊዜ ይሻለዋል። በቱቦ መዘጋት የሚመጣ እብጠት በባሕርዩ የሚመጣና የሚሄድ በመሆኑ፣ ከመድኃኒቶቹ መካከልም ሪፋምፒሲን ዕጢውን የሚያመግሉትን ባክቴሪያዎች ጭምር የሚያጠቃ በመሆኑ፣ እብጠቱ በጥቂት ሳምንት ሊጎድል ይችላል። «በሕክምናው ተሽሎታል» የሚለው ማስረጃ በዚህ ሕመም ላይ አታላይ ነው። ከወራት በኋላ እብጠቱ ሲመለስ ደግሞ ሕመሙ ያገረሸ ወይም መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ተደርጎ ሊወሰድ፣ ታማሚውም ጉበትን ሊጎዱ ለሚችሉ መድኃኒቶች ዳግመኛ ሊዳረግ ይችላል። ይህን የሚከላከለው ውድ ምርመራ አይደለም፤ ከመርፌው በፊት የምግቡ ጥያቄ መጠየቁና በሁለት እጅ መዳሰሱ፣ ቀጥሎም ናሙና ከተወሰደ በጂን ኤክስፐርት ወይም በሕዋስ ምርመራ የቲቢው ማስረጃ በግልጽ መፈለጉ ነው። ቲቢና ጠጠር በአንድ ሰው ላይ ሊገናኙ እንደሚችሉ ግን አይዘነጋም፤ የአንዱ መገኘት ሌላውን አይሽርም።

ሌሎቹን ለመለየት ያን ያህል አያስቸግርም። ጆሮ ደግፍ በአብዛኛው የልጆች ሕመም ሲሆን አንድ ጊዜ የያዘው ሰው ዳግመኛ እምብዛም ስለማይያዝ፣ በአዋቂ ሰው ላይ የሚመላለስ «ጆሮ ደግፍ» ስሙ ሊጠረጠር ይገባል። በሁለቱም ጆሮ ሥር ያለ ሕመም የሚያብጥ ከሆነ የኤች አይ ቪ ምርመራ ያስፈልጋል። ያለማቋረጥ የሚያድግ፣ ጠንካራ፣ ወይም የፊት ወይም የምላስ ነርቭ ድካም ያስከተለ እብጠት ካንሰር እስካልሆነ ድረስ እንደ ካንሰር ይታያል፤ በመንጋጋ ሥር ዕጢ ላይ ከሚነሡ ዕድገቶች ግማሽ ገደማ የሚሆኑት አደገኛ ናቸውና። ምላስን ወደ ላይ ያነሣ፣ መዋጥና መተንፈስን ያስቸገረ የአፍ ወለል እብጠት ከጥርስም ይምጣ ከዕጢ፣ ከማንኛውም ምርመራ በፊት የመተንፈሻ መንገድ የሚጠበቅበት ድንገተኛ ሕመም ነው።

ሕክምና

ጠጠሩ ትንሽና ወደ መውጫው የቀረበ ከሆነ ውኃ በብዛት መጠጣት፣ ሎሚ ወይም ኮምጣጣ ከረሜላ መምጠጥ፣ በሙቅ ጨርቅ መያዝና ዕጢውን ከኋላ ወደ ፊት ማሸት ሊያስወጣው ይችላል። ኢንፌክሽን ካለ አሞክሲሲሊን ከክላቩላኒክ አሲድ ጋር ወይም ስታፊሎኮከስን የሚያጠቃ ሌላ መድኃኒት ከሕመም ማስታገሻ ጋር ይሰጣል። መድኃኒቱ ግን ጠጠሩን አያሟሟውም። በየጥቂት ወሩ ተመሳሳይ ፀረ ባክቴሪያ እየወሰደ የሚመላለስ ታማሚ ሕክምና እያገኘ ሳይሆን ጊዜ እያጣ ነው።

በሁለት እጅ ሊዳሰስ የሚችል፣ በቱቦው የፊት ክፍል ያለ ጠጠር በአፍ በኩል በአካባቢ ማደንዘዣ ይወጣል። ሐኪሙ አስቀድሞ ከጠጠሩ በስተኋላ በቱቦው ሥር አንድ ክር አሳልፎ ያነሣዋል፤ ይህ ክር ጠጠሩ ወደ ዕጢው እንዳይንሸራተት የሚያግድ ነው። ከዚያም ቱቦው በጠጠሩ ላይ በቁመቱ ይከፈትና ጠጠሩ ይወጣል። የተከፈተው ቱቦ አይሰፋም፤ መልሶ መስፋት ጠባሳና መጥበብ ያስከትላል፤ ይልቁንም የቱቦው ጠርዝ ከአፍ ወለል ሥጋ ጋር ተያይዞ አዲስ ሰፊ መውጫ ይሆናል። ጠጠሩ ወደ ኋላ በሄደ መጠን ጥንቃቄው ይጨምራል፤ በሁለተኛውና በሦስተኛው መንጋጋ ጥርስ አካባቢ የምላስ ስሜት ነርቭ በቱቦው ሥር አቋርጦ ስለሚያልፍ፣ ነርቩ ሳይታይ የሚደረግ ቆረጣ ግማሽ ምላስን ሊያደነዝዝ ይችላል።

ለዕጢው ውስጥ ጠጠር ለረጅም ዘመን የተለመደው መፍትሔ ዕጢውን ሙሉ በሙሉ ማውጣት ነበር። ይህ በሙሉ ማደንዘዣ፣ ከመንጋጋው ጠርዝ ሁለት ጣት ያህል ዝቅ ብሎ በሚደረግ ቅድ ይካሄዳል። ዝቅ የሚባለውም የታችኛውን ከንፈር የሚያንቀሳቅሰውን የፊት ነርቭ ቅርንጫፍ ለማትረፍ ነው፤ የምላስ ስሜት ነርቭና ምላስን የሚያንቀሳቅሰው ነርቭም በዚያው ይገኛሉ። ይሁን እንጂ ጠጠሩ ከወጣ በኋላ ለዓመታት የታመመ ዕጢ እንኳ ብዙ ጊዜ ተግባሩን እንደሚያገግም መታወቁ አመለካከቱን ለውጦታል። ዕጢ ማውጣት ዛሬ የመጨረሻው እርምጃ እንጂ የመጀመሪያው አይደለም።

ለዚህ ለውጥ መንገድ የከፈተው ከ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ወዲህ የተስፋፋው ሳያላንዶስኮፒ ነው፤ ከአንድ ሚሊሜትር ብዙም የማይበልጥ ካሜራ በቱቦው መውጫ ገብቶ ጠጠሩ በቅርጫት መሰል መያዣ ይወጣል። ከ3 ወይም ከ4 ሚሊሜትር በላይ የሆነው በሌዘር ወይም ከውጭ በሚላክ ድምፀ ሞገድ መሰባበር፣ አለዚያ ካሜራውን ከቀዶ ሕክምና ጋር ማጣመር ይጠይቃል። መሣሪያው ግን ቀጭንና በቀላሉ የሚሰበር፣ ዋጋውም ከባድ ነው። ለሐዋሳ ዐይነት የሕክምና ማዕከል ቅደም ተከተሉ መሆን ያለበት አስቀድሞ ካሜራ መግዛት ሳይሆን የአፍ ሐኪሞችንና አጠቃላይ ቀዶ ሐኪሞችን በአፍ በኩል ጠጠር በማውጣት ማሠልጠን ነው። ይህ ሥራ የሚጠይቀው ጥሩ ብርሃን፣ ማደንዘዣ፣ ክርና ነርቩን የሚያውቅ እጅ ነው፤ አብዛኛውን ታማሚም ወደ አዲስ አበባ ከሚወስደው 275 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ሊያሳርፍ ይችላል።

ለጥናት የተተወው

በሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ለመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ ለሚፈልግ ተማሪ ጉዳዩ ብዙ ወጪ የማይጠይቅ ጥያቄ ያቀርባል። በዓለም አቀፉ የበሽታዎች ምደባ 10ኛ እትም የምራቅ ዕጢ ጠጠር «ኬ 11.5»፣ የሊምፍ ኖድ ቲቢ «ኤ 18.2» ተብለው ለየብቻ ተቀምጠዋል። በቲቢ መዝገብ ላይ ያለ ላቦራቶሪ ማስረጃ ሕክምና ከጀመሩት፣ እብጠታቸውም በአንድ በኩል በመንጋጋ ሥር ብቻ ከሆነው ታማሚዎች መካከል በአልትራሳውንድ ቢታዩ ስንቶቹ ጠጠር እንደሚገኝባቸው መቁጠር ይቻላል። ከእነርሱ ጋር የመጠጥ ውኃቸው ምንጭና የፍሎራይዱ መጠን፣ የጫት አጠቃቀማቸውና የሚወስዷቸው መድኃኒቶች አብረው ቢመዘገቡ፣ ከላይ ያለ ፍርድ የታለፉት ሁለት ጥያቄዎች የመጀመሪያ አኃዛቸውን ያገኛሉ። የሚወጡት ጠጠሮችም ከመጣል ይልቅ ታጥበውና ደርቀው በደረቅ ብልቃጥ ቢቀመጡ ለማዕድን ይዘት ምርመራ ይሆናሉ።